ድጓን ከብራና ወደ ኮምፒውተር፦ የቱ ይጠበቅ፣ የቱ ይስተካከል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከሞጣ ነው። የደብራችንን የብራና ድጓ (የቅዱስ ያሬድን የዜማ መጽሐፍ) ለአብነት ተማሪዎች በኮምፒውተር እየተየብኩ ነው። ጸሐፊው ቦታ ሲያጥረው ቃሉን መሐል ላይ እየቆረጠ ወደ ታች አውርዶታል፤ አንዳንዱ ፊደልም የተሳሳተ ይመስለኛል። እንዳለ ልገልብጠው ወይስ ላስተካክለው? የዜማ ምልክቱም ከፊደሉ አናት አልቀመጥ ብሎኛል።

መልስ፦ ዜመኛው ድምፁን የሚመራበትን ሁሉ አይንኩ። የብራናው ስፋት አስገድዶ ያመጣውን ግን መተው ይችላሉ። የመስመር አቆራረጥ ከዚህኛው ወገን ስለሆነ ቃሉን ይግጠሙት። ሁለት ነጥቡን ከግዕዙ ሰሌዳ (፡) ይተይቡ እንጂ የፈረንጁን አያስገቡ፤ መስመሩ በትክክል የሚታጠፈው በግዕዙ ነው።

የፊደል ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ ነው፣ «ሰረቀ» ግን የሌብነቱ ነው። ስለ ፀሐይ መውጣት በሚናገር ቦታ «ሰረቀ» ካገኙ በ«ሠ» አርመው የብራናውን ንባብ ከገጹ ግርጌ ያስቀምጡ። ምልክትን ግን በግምት ፈጽሞ አያርሙ። ከቃሉ በላይ በደቃቁ የሚጻፉት ፊደላት እያንዳንዳቸው አንድን የታወቀ የዜማ ሐረግ የሚጠሩ ናቸው፤ አንዷ ከተለወጠች ተማሪው ሌላ ዜማ ይዞ ይወጣል። መሪጌታው ከብራናው የተለየ ቢያዜሙ እንኳ ብራናውን ከላይ፣ የእርሳቸውን ከግርጌ ያድርጉ። መጽሐፉ የቤተ ልሔም፣ የቆማ ወይስ የአጫብር ይትበሃል (የዜማ ትውፊት) እንደሆነም በመጀመሪያው ገጽ ይጻፉ፤ ጎጃም ውስጥ ተማሪ ከጉባኤ ቤት ጉባኤ ቤት ስለሚዘዋወር ይህች አንዲት መስመር ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

አሁን ወደ አቀማመጡ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ የተባሉት የዜማ ምልክቶች በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 4.1 (የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ) ውስጥ ገብተዋል፤ አጭር ርክርክና ደረት-ሂደት ሲጨመሩ 10 ናቸው። ችግሩ የተመዘገቡት ራሳቸውን ችለው እንደሚቆሙ ምልክቶች መሆኑ ላይ ነው፤ ሲተየቡ ከፊደሉ ጎን ይቆማሉ እንጂ አናቱ ላይ አይወጡም። ስለዚህ ሊብሬ ኦፊስ በተባለው የጽሑፍ ፕሮግራም የእስያ ቋንቋዎችን ከማስተካከያው ያብሩና ከፎርማት ዝርዝር ውስጥ ከፊደል አናት ደቃቅ ጽሑፍ የሚያስቀምጠውን «ኤዥያን ፎኔቲክ ጋይድ» ይጠቀሙ። ጽሑፉ 16 ነጥብ ከሆነ ምልክቱን 8፣ የመስመሩን ርቀት ቢያንስ 32 ያድርጉት፤ ካነሰ የምልክቱ አናት ይቆረጣል። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የተባለው ፎንት ምልክቶቹን ይዟል። በሌላ ፎንት ባዶ ሣጥን ከታየ ፎንቱ ምልክቶቹ የሉትም ማለት ነው።

አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፦ ሙሉ ቃሉን መርጠው ምልክቱን ቢያስገቡ ፕሮግራሙ መሐል ላይ ያውለዋል። «ሠረቀ» ላይ የ«ቀ» የነበረው ጭረት «ረ» ላይ ያርፋል፤ ለዓይን ያምራል፣ ዜማው ግን ተበላሽቷል። የሚመረጠው አንዱ ፊደል ብቻ ነው። ባለ ሦስት ፊደል ምልክት በአንድ ፊደል ላይ ሲወጣ ደግሞ ቃሉን ያራርቀዋል፤ ያን ጊዜ ወደ 6 ነጥብ ይቀንሱት።

አንድ ፊደል ከላይም ከሥርም ምልክት ካለው ይህ ዘዴ ሁለቱን አይችልም። እንዲህ ያለው ከበዛ ትግሉን ትተው ጽሑፉን ብቻ በሰፊ መስመር ያትሙ፤ ምልክቱን እጁ የሰላ የዜማ ሰው በብዕር ይጻፍበት፣ ከዚያ በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጋችሁ ማባዛት ነው። በእኛ ግምት ለብዙ ጉባኤ ቤት ከሁሉ የሚሻለው ይኸኛው ነው።

ጥያቄ፦ ቀይ ቀለሙ የኅትመት ዋጋውን አናረብን። ሁሉንም በጥቁር ብናደርገውስ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ በቀይ የሚጻፉት ቅዱሳት ስሞች በጥቁር ቢታተሙ ዜማው አይጎዳም፤ ቢያሳዝንም ይቻላል። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ የሚሉት የዜማ ስልት መጠሪያዎችና የሃሌታው (የሃሌ ሉያው) ቁጥር ግን ከሚዜመው ቃል መለየት አለባቸው፤ አለበለዚያ ጀማሪው አብሮ ያዜማቸዋል። በደማቅ ፊደል ያድርጓቸው። ብራናውን ፎቶ ስታነሡም በቀለም ይሁን፤ በጥቁርና ነጭ ስካን ቀዩ ፈዝዞ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ነጥቡ ይዘት ይሁን የዝንብ ጠብታ በምን ልለይ? (ከቢቸና)

መልስ፦ በመስኮት ብርሃን ከጎን ይዩት። የጸሐፊው ነጥብ ከአጠገቡ ምልክቶች ጋር አንድ ዓይነት ቀለምና ውፍረት ይኖረዋል፤ የዝንቡ ከብራናው ከፍ ብሎ ይታያል። በጥፍር አይፋቁት፣ በምራቅም አያርጥቡት፤ ቀለሙ አብሮ ይነሣል። ካልተለየ በቅጂው ኅዳግ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርገው ይለፉት። ለእርማት ሲደርሱ መሪጌታው ከታተመው ያዚሙ፣ ተማሪው ብራናውን በጣት ይከተል፤ ጥያቄ ምልክት ያለባቸው ቦታዎች ያን ጊዜ አንድ በአንድ ይነሣሉ።