በዕድሜ የተስተካከለ የካንሰር ምጣኔ፦ ጥያቄና መልስ

የሁለት ሕዝቦች የካንሰር መጠን በሚነጻጸርበት ጽሑፍ ሁሉ «በዕድሜ የተስተካከለ» የሚል ሐረግ አይጠፋም። አባላት ስለዚህ ሐረግ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች፣ በካንሰር ምዝገባ አሃዞች ላይ የምሠራ እንደመሆኔ፣ የማውቀውን ያህል ከዚህ በታች መልሻለሁ። «ሀ» እና «ለ» ብዬ የምጠራቸው ሕዝቦች ለስሌት ማሳያ የተፈጠሩ ናቸው፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አዲስ የካንሰር ሕሙማንን ቁጥር ለሕዝቡ ብዛት አካፍለን ከ100,000 ሰው ስንቱ እንደተያዘ ካወቅን፣ ከሌላ አገር ጋር ለማነጻጸር ይህ የማይበቃው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ያ ስሌት ጥሬ ምጣኔ ይባላል፤ በራሱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን አብዛኞቹ ካንሰሮች በሕዋስ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ከሚጠራቀም የዘረ መል ጉዳት የሚመነጩ ስለሆኑ፣ በበሽታው የመያዝ ዕድል ከዕድሜ ጋር በፍጥነት ይጨምራል። በጃፓን ከአሥር ሰው ወደ ሦስት የሚጠጋው 65 ዓመት የሞላው ሲሆን፣ በኡጋንዳ ግን ከሕዝቡ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የሚቀረው ገና 15 ዓመት ያልሞላው ነው። የሁለቱን ጥሬ ምጣኔ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ በዋናነት የምንረዳው የትኛው ሕዝብ ይበልጥ እንዳረጀ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የካንሰር መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልግም፣ የሕዝብ ቆጠራ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ማስተካከያው በተግባር እንዴት ይሠራል? እባክዎ በቁጥር ያሳዩን።

መልስ፦ ሕዝቡን ከ45 ዓመት በታች፣ ከ45 እስከ 64፣ እና 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ብለን በሦስት እንክፈለው። በ«ሀ» ሕዝብ በእነዚህ የዕድሜ ክልሎች በዓመት ከ100,000 ሰው በቅደም ተከተል 40፣ 500 እና 2,000 ሰዎች ይያዛሉ እንበል፤ በ«ለ» ደግሞ 30፣ 400 እና 1,600። ልብ ይበሉ፣ «ለ» በሦስቱም የዕድሜ ክልሎች ዝቅ ያለ አደጋ አለው። ይሁን እንጂ «ሀ» ወጣት ሕዝብ ነው፤ ከሰዎቹ 80 በመቶው ከ45 በታች፣ 15 በመቶው በመካከለኛው ክልል፣ 5 በመቶው ብቻ 65 የሞላቸው ናቸው። በ«ለ» ይህ ስብጥር 50፣ 25 እና 25 በመቶ ነው። እያንዳንዱን ምጣኔ በሕዝቡ ድርሻ አባዝተን ስንደምር የ«ሀ» ጥሬ ምጣኔ 207፣ የ«ለ» ደግሞ 515 ይሆናል። በየትኛውም ዕድሜ የተሻለው ሕዝብ ከሁለት ዕጥፍ በላይ የባሰ መስሎ ታየ ማለት ነው።

አሁን የሁለቱንም ስብጥር ወደ ጎን ትተን አንድ የጋራ ስብጥር፣ ለምሳሌ 74፣ 19 እና 7 በመቶ፣ እንውሰድና ምጣኔዎቹን በእሱ እናባዛ። «ሀ» 264.6፣ «ለ» 210.2 ይሆናሉ። የዕድሜ ስብጥር ልዩነት ሲወገድ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ ትክክለኛውም ይኸው ነው። በሥራ ላይ ክልሎቹ ሦስት ብቻ ሳይሆኑ ብዙ ጊዜ በአምስት አምስት ዓመት የተከፈሉ 18 ያህል ናቸው፤ ስሌቱ ግን ከዚህ አይለይም።

ጥያቄ፦ ያ የጋራ ስብጥር ከየት መጣ? ለአንድ አገርና ለአንድ ዓመት ሁለት ሪፖርቶች እጅግ የተራራቀ ቁጥር ሲሰጡ አይቻለሁና።

መልስ፦ የጋራው ስብጥር መደበኛ ሕዝብ ይባላል፤ ምርጫውም ስምምነት እንጂ ግኝት አይደለም። በምሳሌዬ የተጠቀምኩበት፣ ጃፓናዊው ሚትሱኦ ሴጊ በ1960 ያቀረበውና ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቹ በ1966 ያሻሻሉት የዓለም መደበኛ ሕዝብ በሦስት ክልል ተጠቃልሎ ነው። መቀመጫውን ሊዮን ያደረገው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እስካሁን በዚሁ ይሠራል። አውሮፓ በ1976 የወጣ የራሷ መደበኛ ነበራት፤ በ2013 ሲከለስ የ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ሰዎች ድርሻ ከ11 ወደ 19.5 በመቶ ከፍ ብሏል። ዩናይትድ ስቴትስም ለረጅም ጊዜ በ1940 ሕዝቧ ስትሠራ ቆይታ ወደ 2000 ሕዝቧ ተሻግራለች።

የእኛን ሁለት ሕዝቦች በ2013ቱ የአውሮፓ መደበኛ ብናሰላቸው «ሀ» ከ264.6 ወደ 544.1፣ «ለ» ከ210.2 ወደ 434.2 ይዘላሉ። አንድም ተጨማሪ ሰው አልታመመም። በሁለቱ መካከል ያለው ንጽጽር ግን አልተናወጠም፤ በሁለቱም ስሌት «ሀ» ከ«ለ» በሩብ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ከተለያየ ቦታ የተገኙ ሁለት የተስተካከሉ ምጣኔዎችን ከማነጻጸርዎ በፊት በሰንጠረዡ ግርጌ የተጻፈውን የመደበኛ ሕዝብ ስም ያንብቡ፤ ስሙ ካልተጻፈ እኔ በበኩሌ ቁጥሩን አልጠቀምበትም።

ጥያቄ፦ በወጣት ሕዝቦች ዘንድ ሕሙማኑ በአማካይ በለጋ ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። ይህ ካንሰር በእነዚያ ሕዝቦች ቀድሞ እንደሚይዝ አያሳይም?

መልስ፦ በራሱ አያሳይም፤ ይህን ስሕተት በባለሙያዎች ጽሑፍ ሳይቀር አገኘዋለሁ። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። በ«ሀ» ከ207 ሕሙማን 32ቱ፣ ማለትም ከመቶ 15 ያህሉ፣ ከ45 ዓመት በታች ናቸው፤ በ«ለ» ግን ከ515 ውስጥ 15ቱ ብቻ፣ ከመቶ 3 ያህል። ከአምስት ዕጥፍ በላይ የሆነ ልዩነት ይመስላል፤ የአንድ ወጣት እውነተኛ አደጋ ግን ከ100,000 በአንዱ 40፣ በሌላው 30 ነው። ሆስፒታሉ በወጣት ሕሙማን የተሞላው ሕዝቡ በወጣቶች የተሞላ ስለሆነ ነው። ክርክሩ አዲስ አይደለም፤ የሕዝብ ጤና ማሻሻያ አራማጁ ኤድዊን ቻድዊክ የእንግሊዝ አካባቢዎችን ጤንነት በሟቾች አማካይ ዕድሜ ሊመዝን ሲሞክር፣ የመድን ሒሳብ ባለሙያው ፍራንሲስ ኔይሰን በ1844 ስሕተቱን በስሌት አሳይቶታል፤ የዛሬው ማስተካከያ ሥሩ እዚያ ነው። ቀድሞ መያዙን ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሕሙማኑን አማካይ ዕድሜ ትቶ በየዕድሜ ክልሉ ያለውን ምጣኔ ይይ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጥሬውን ምጣኔ መጣል አለብን?

መልስ፦ የለብንም። አልጋ፣ የጨረር ሕክምና መሣሪያና ሐኪም የሚያስፈልገው በአካል ላለ ሕመምተኛ ስለሆነ፣ ዕቅድ የሚወጣው በሕሙማን ቁጥርና በጥሬው ምጣኔ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ በዕድሜ የተስተካከለው የካንሰር ሞት ምጣኔ በ1991 ጣሪያ ላይ ደርሶ ከዚያ ወዲህ በሲሶ ያህል ሲቀንስ፣ በዓመት የሚሞቱት ሰዎች ቁጥር ግን ሕዝቡ ስለበዛና ስላረጀ ጨምሮ ከ600,000 አልፏል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል።

ጥያቄ፦ የምከታተለው አካባቢ ትንሽ ነው፤ በብዙ የዕድሜ ክልሎች አንድም ሕመምተኛ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቀጥተኛ ያልሆነውን ማስተካከያ ይጠቀሙ። የሰፊውን አገር ምጣኔ በየዕድሜው ወስደው በአካባቢዎ ሕዝብ ያባዙና ስንት ሕሙማን ይጠበቁ እንደነበር ያስሉ፤ ከዚያም የተመዘገቡትን ለሚጠበቁት ያካፍሉ። 8 ተጠብቀው 12 ከተመዘገቡ ውጤቱ 1.5 ነው። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 8 በሚጠበቅበት ቦታ 12 ወይም ከዚያ በላይ በአጋጣሚ ብቻ ከአሥር አንድ ጊዜ ያህል ሊደርስ ይችላል። በተጨማሪም የሁለት አካባቢዎችን እንዲህ ያለ ውጤት እርስ በርስ ማነጻጸር አይገባም፤ እያንዳንዱ የተመዘነው በራሱ የዕድሜ ስብጥር ነውና።

ጥያቄ፦ አንድ የተስተካከለ ቁጥር የሚሸፍነው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። በዩናይትድ ስቴትስ የትልቁ አንጀት ካንሰር ከ50 ዓመት በታች ባሉ ሰዎች ለዓመታት እየጨመረ፣ በአረጋውያን ግን እየቀነሰ ቆይቷል። አብዛኞቹ ሕሙማን አረጋውያን በመሆናቸው ድምር ምጣኔው መቀነሱን ብቻ ሲናገር፣ የወጣቶቹ ጭማሪ ከሥሩ ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድሜ የየዕድሜውን መስመሮች በሥዕል አያለሁ፤ መስመሮቹ እርስ በርስ ከተጠላለፉ አንድ ቁጥር አልሰጥም።

ጥያቄ፦ ዕድሜ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ልዩነት የእውነተኛው አደጋ ልዩነት ነው ማለት እንችላለን?

መልስ፦ አንችልም። የተወገደው ዕድሜ ብቻ ነው፤ የምዝገባው ምሉዕነትና የምርመራው ብዛት እንዳሉ ናቸው። በደቡብ ኮሪያ የአንገት አልትራሳውንድ ምርመራ ከተስፋፋ በኋላ የታይሮይድ ካንሰር ምጣኔ በ2011 ከ1993ቱ ወደ 15 ዕጥፍ ደርሶ ነበር፤ በዚሁ ካንሰር የሚሞቱት ሰዎች መጠን ግን አልተለወጠም። ያን ጭማሪ የትኛውም መደበኛ ሕዝብ አያስተካክለውም።