ስፒከሩን ከመቀየርህ በፊት በሩን አንኳኳ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ የመኪና ዓምድ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። እ.ኤ.አ. የ1996 ስሪት ቶዮታ ሴሊካ አለችኝ፤ ያቺ ፊቷ ላይ አራት ክብ መብራት ያላት፣ ባለ ሁለት በሯ። ከአጎቴ ነው የደረሰችኝ። ሞተሯ ዛሬም አይታማም፣ ቀለሟን አሳድሻታለሁ፣ ጥር ሲመጣ ለሙሽራ እያከራየኋት የነዳጇን አታጣም። ችግሯ ድምጿ ነው። የፊት ስፒከሮቿ የፋብሪካው ናቸው። የግራው ይንኮሻኮሻል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። የቀኙ ድምፅ ስጨምርበት ይንጣጣል። ባለፈው ሰርግ ሚዜዎቹ «ይሄ ቴፕ ነው ወፍጮ?» ብለው ስቀውብኛል። አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ገብቼ «1200 ዋት» የሚል ስፒከር አሳዩኝ፤ ማግኔቱ ድስት ያክላል። ልግዛው? ቴፑስ አብሮ ይቀየር? አምፕሊፋየር የግድ ነው? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ በሩን ቆርጠህ ትልቅ ስፒከር ግጠም ይለኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብርህን ኪስህ አስቀምጥና መጀመሪያ ከመኪናህ ጎን ቁም። የበሩን ቆርቆሮ ከውጭ በጣትህ አንጓ አንኳኳው። እንደ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ጣንጣን ካለ፣ ሚዜዎቹ የሳቁበት ድምፅ ግማሹ እሱ ነው። የሁለት በር መኪና በር ደግሞ ረጅም ነው። ቆርቆሮው ሰፊ ስለሆነ ከአራት በሯ ኮሮላ የባሰ ይንቀጠቀጣል።

ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርህ ሱቅ ውስጥ ማንም ስለማይነግርህ ነው። ስፒከር የሚሸጥ ሞልቷል፣ በር የሚሸጥ ግን የለም። ማሲንቆን አስበው እስቲ። የፈረስ ጭራው ብቻውን ተወጥሮ ቢገዘገዝ ምን ይሰማል? ድምፁን የሚያወፍረው ከሥሩ ያለው ቆዳ የለበሰው ሳጥን ነው። ለስፒከርህ ሳጥኑ በሩ ነው። ያንተ ሳጥን ደግሞ ቀዳዳው የበዛ፣ ውስጡ ባዶ፣ ቆርቆሮው የላላ ነው። ስፒከሩ ወደ ፊት አየር ሲገፋ ከኋላው ይስባል። የፊቱና የኋላው አየር በቀዳዳው ተገናኙ ማለት አንዱ የሌላውን ያጠፋል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ነው። ከበሮው ሄዶ እልልታው ብቻ ይቀርልሃል።

ስለዚህ በሩን እንክፈተው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ጠዋት ጠዋት ፕላስቲክ እንደ ብስኩት ይሰበራል። መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቁመህ ቀትር ላይ ፍታው። ወደ 30 ዓመት የተጠጉ ክሊፖች ናቸው፣ ሁለት ሦስቱ መሰበራቸው ስለማይቀር ትርፍ ክሊፕ ቀድመህ ያዝ። ብሎኖቹ ከእጀታው ጀርባና ከክንድ ማሳረፊያው ሥር ይደበቃሉ። ፓኔሉ እንቢ ካለህ በካቻቪቴ አትታገለው። እንቢ የሚለው ያላየኸው ብሎን ስላለ ነው።

ፓኔሉ ሲነሳ ከሥሩ የተለጠፈ ላስቲክ ታያለህ። እሱን እንዳትቀደው! እኔ ቀድጄው አውቃለሁ። ያኔ የነበረችኝ አሮጌ ኮሮላ ነበረች፣ ከደመወዜ ቆጥቤ ስፒከር ገዝቼ ላስቲኩን የፋብሪካ ማሸጊያ መስሎኝ ቦጫጭቄ ጣልኩት። ግንቦት ላይ ነው የገጠምኩት። ነሐሴ ላይ እንጅባራ ደርሼ ስመለስ ድምፁ መታፈን ጀመረ (የእንጅባራን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል)፣ ፈትቼ ሳየው የስፒከሩ የሚርገበገበው የወረቀት ጉልላት ወጥ የነካው እንጀራ ሆኗል። በጣቴ ስነካው አብሮኝ መጣ። ለካ የመኪና በር ውስጡ ሁሌም ይረጥባል! ውሃ በመስታወቱ ጎማ በኩል ይገባል፣ በበሩ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል፤ ሲሠራም ታስቦበት ነው። ላስቲኩ ያንን ውሃ ወደ ውስጥ እንዳያልፍ የሚከለክል ነው። ከተቀደደ በወፍራም ላስቲክ ተካው። የበሩን ሥር ቀዳዳዎች ደግሞ በቀጭን ሽቦ ጥረጋቸው፣ የጎጃም አቧራ ከዝናቡ ጋር ተቦክቶ ይደፍናቸዋል።

አሁን ወደ ስፒከሮችህ። የግራው «ጭራሽ ይጠፋል» ያልከው ነገር አጠራጥሮኛል። የሚጠፋና የሚመለስ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሽቦ ነው። በሩ ማጠፊያ ላይ ባለችው የጎማ ቱቦ ውስጥ የሚያልፉት ሽቦዎች በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋሉ፣ ውለው አድረው ይበጠሳሉ። የቀኙን ስፒከር ፈትተህ በግራው ሽቦ ላይ ሞክረው። እሱም ከጠፋ ስፒከር ቀየርክ አልቀየርክ ለውጥ የለውም። የቀኙን ደግሞ ጉልላቱን በሁለት አውራ ጣት ግራና ቀኝ እኩል ይዘህ በዝግታ ግፋው። ውስጡ ከተፋጨ የሽቦ ጥቅሉ ተጣሟል፣ አልቆለታል። ዙሪያው ያለው ስፖንጅ ከተፈረፈረም ያው ነው።

ስለ 1200 ዋቱ። ያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ብቻ ያለ ነገር ነው። ቴፕህ ራሱ «50 በ4» ተብሎ ቢጻፍበትም ለአንድ ስፒከር ሳያቋርጥ የሚሰጠው እውነተኛ ጉልበት ከ15 እስከ 20 ዋት ቢሆን ነው። 20 ዋት ለሚያገኝ ስፒከር የ1200 ዋት ስም ምን ይሠራለታል? አንተ የምታየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አርኤምኤስ የሚለው ዋት፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚችለው፤ ከ40 እስከ 60 ቢሆን ይበቃሃል። ሁለተኛው በዴሲቤል የሚጻፈው፣ በተሰጠው ጉልበት ምን ያህል እንደሚጮህ የሚናገረው ነው፣ እሱን ማንም አያነበውም፣ ላንተ ግን ዋናው እሱ ነው። 91 የሚል ስፒከር 88 ከሚለው ጋር እኩል ለመጮህ የሚፈልገው ግማሽ ጉልበት ነው። ሦስት ዴሲቤል ማለት እጥፍ ዋት ማለት ነውና። አምፕሊፋየር ለሌለው ሰው ይህ በነፃ የተገኘ ጉልበት ነው።

ድስት የሚያክለው ማግኔት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። መስታወቱ የሚወርደው ከስፒከሩ ኋላ ነው። ትልቅ ማግኔት ካስገባህ ሙሽራዋ እጇን ለማውለብለብ መስታወት ስታወርድ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ፓኔሉ እንደተነሳ መስታወቱን ሙሉ በሙሉ አውርደው (ባትሪውን ለዚህ መልሰህ ማሰር ይኖርብህ ይሆናል)፣ ከስፒከሩ መቀመጫ እስከ መስታወቱ ያለውን በማስመሪያ ለካ። የቀዳዳውንና የብሎኖቹን ቦታ በካርቶን ላይ ሥለህ ቆርጠህ ያዝ። ገበያ ስትሄድ ካርቶኑን ይዘህ ሂድ። «ለሴሊካ የሚሆን 6 ተኩል ኢንች» ብሎ የሚምልልህን አትመነው፣ እኔንም ቢሆን አትመነኝ፤ ካርቶኑ ላይ ያልገጠመ አይገጥምም። ቴስተርም ያዝ። ባለ 4 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ ከ3.2 እስከ 3.8 አካባቢ ያሳያል። 2 ወይም ከዚያ በታች ካሳየህ ለቴፕህ ከባድ ነው፣ ሊያቃጥለው ይችላል። ጉልላቱ የፕላስቲክ፣ ዙሪያው የጎማ ይሁን። ወረቀት አዳራሽ ውስጥ ጥሩ ይዘፍናል፣ የእኛን ክረምት ግን አይችለውም።

ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ለብቻው የሆነውን ካገኘህ እሱን ውሰድ። ሴሊካ ውስጥ ዝቅ ብለህ ነው የምትቀመጠው፣ የበሩ ስፒከር ቁርጭምጭሚትህ ጋ ነው። ቀጭን ድምፅ እንደ ወፍራሙ ዞሮ አይመጣም፣ የሚዘፍነው ለሱሪህ ነው። ትዊተሩ የጎን መስታወቱ ጥግ ላይ ከተቀመጠ የማሲንቆው ጩኸት ፊትህ ላይ ይመጣል። ወፍራሙ ታች ይቅር፣ ግድ የለም።

ስትገጥመው በስፒከሩና በቆርቆሮው መሃል ቀለበት ያስፈልጋል። ብዙ አናጺ ኤምዲኤፍ ይቆርጥልሃል፤ እርጥበት ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል። ኮምፔርሳቶ አስቆርጠህ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባው። ዙሪያውን በስፖንጅ አፍነው፣ አየር እንዳያሳልፍ። ከስፒከሩ ፊት ለፊት ባለው የውጭ ቆርቆሮ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ አልሙኒየም የለበሰውን ተለጣፊ የቡቲል ጎማ ለጥፍ። በሩን ሙሉ መሸፈን አያስፈልግም፣ ዋናው የሚርገበገበውን መሃሉን መያዝ ነው። ርካሽ ነው ብለህ የጣሪያ ሬንጅ እንዳትለጥፍ አደራ። አዲስ አበባ ልትሄድ ከደጀን ወርደህ የዓባይ በረሃን ስታቋርጥ ይቀልጥና በሩ ውስጥ ይንሸራተታል፣ ሽታው ከሙሽራዋ ሽቶ ይበልጣል። ጨርሰህ እንደገና አንኳኳው። አሁን ድው ካለ ሆኗል።

ሽቦ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ስፒከሩን ከመግጠምህ በፊት አንድ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለአፍታ አስነካው፤ ጉልላቱ ወደ ውጭ ከወጣ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው። ሁለቱን በሮች አንድ ዓይነት አድርግ። አንዱ ከተገለበጠ ወፍራሙ ድምፅ መሃል ላይ ይጠፋል፣ አንተም አዲሱን ስፒከር ትረግማለህ። ሁለተኛ፣ የስፒከሩን ኔጌቲቭ ከመኪናው አካል ጋር አታስረው። ድሮ እንዲያ ይሠራ ነበር፣ አንዳንድ የቆየ ኤሌትሪሺያን ዛሬም ይሠራዋል፤ ያሁኖቹ ቴፖች በሁለቱም ሽቦ ነው የሚልኩት፣ ቴፑን ታጣዋለህ።

ቴፑን አሁን አትቀይረው። አምፕሊፋየርም አሁን አትግዛ። ይህን ሁሉ ሠርተህ አንድ ሰርግ ሞክረው። ካልበቃህ ያኔ ለአንድ ስፒከር 50 ዋት አርኤምኤስ የሚሰጥ ትንሽ አምፕሊፋየር ጨምር፣ ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፣ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን በጣም ወፍራም ድምፅ ከበሩ ስፒከሮች ቁረጥላቸው። ሞተር አጥፍተህ ድንኳን በር ላይ ሰዓት ሙሉ አታስጩኸው። ሙሽራ የጫነች መኪና ሚዜ ሲገፋት አይቻለሁ፣ ቪዲዮው እስከ ዛሬ ይዞራል።

በሩን ቆርጠህ ትልቅ ግጠም ላለህ ጓደኛ የራሱን በር ይቁረጥ በለው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነኝ። ኋላ ላይ 6 በ9 ኢንች ስፒከር አስገብቻለሁ፣ በጣም ይጮሃል። እንግዲህ ፊቱን መንካት ምን ያደርጋል?

መልስ፦ አዝማሪ ከጀርባህ ቆሞ ሲዘፍንልህ አይተህ ታውቃለህ? ፊት ለፊትህ መጥቶ ነው ስምህን የሚያነሳሳው። የቴፑን ፌደር (ድምፁን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለውን) ወደ ፊት አምጣና የኋላውን በስሱ ተወው። የፊቱ ከሳሳብህ ገንዘብህን እሱ ላይ አውጣ፣ ከላይ ለሴሊካው ልጅ ያልኩት ላንተም ነው።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም የምጽፍ ጡረተኛ ነኝ። ልጄ መኪናዬ ላይ አምፕሊፋየር ካስገባልኝ ወዲህ ነዳጅ ስሰጥ ስፒከሩ «ዊይይ» እያለ አብሮ ይወጣል፣ ስለቀው ይወርዳል። መዝሙር እንኳ በሰላም መስማት አልቻልኩም።

መልስ፦ አባባ፣ የሚሰሙት የዲናሞው ድምፅ ነው። ልጅዎ ሁለት ቦታ ይይልዎ። የአምፕሊፋየሩ ኔጌቲቭ የታሰረበት ቦታ ላይ ቀለም ካለ ቆርቆሮው እስኪያበራ በሸካራ ወረቀት ይፋቀውና አጥብቆ ይሰረው። ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ደግሞ ከባትሪው ከሚመጣው ወፍራም ገመድ ጋር ተጣብቆ ሄዶ ከሆነ ይለያቸው፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ በኩል ይሂድ። በዚህ ካልጠፋ ኤሌትሪሺያን ዘንድ ይውሰዷትና የዲናሞውን ዳዮድ ያስፈትሹ፤ እሱ ከሆነ ችግሩ ከመዝሙሩም አልፎ ባትሪዎን ይጨርሰዋል።