ለትንሽ የሸራ ጀልባ መልህቅ፦ የት ይቀመጥ፣ እንዴት ይጣል?

ሰላም ወንድሜ። 4 ሜትር የምትሆን የሸራ ጀልባህን ከጎንደር ጭነህ ጎርጎራ ልታወርድ ነው። መልህቁን ብየዳ ቤት ከፌሮ አሠርቼ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ባስቀምጠው ምን ይመስላችኋል፣ ገመዱስ ስንት ሜትር ይብቃኝ ብለሃል። እኔም በእንዲህ ያለች ጀልባ ጣና ላይ ስለምወጣ የማውቀውን ልንገርህ።

ከፌሮው ልጀምር። ብየዳ ቤት የሚሠሩልህ ብዙ ጊዜ ባለ አራት ጣት መንጠቆ ነው። ድንጋይ ባለበት ጥሩ ይይዛል። የመገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ግን ታቹ ደለል ነው፤ ቀጭን ጣት እዚያ ውስጥ ሹካ በሽሮ እንደሚያልፈው ያልፋል። ለጭቃ የሚሆነው ሁለት ሰፋፊ ምላስ ያለው፣ ምላሱም ወደ ሁለቱም ጎን 30 ዲግሪ ገደማ የሚታጠፍ፣ ዳንፎርዝ የሚባለው ነው። ፎቶውን ለበያጁ አሳየው፤ ከወፍራም ላሜራ ይሠራልሃል። ለአንተ ጀልባ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይበቃል።

«ከባድ ይሁን» የሚሉህን ብዙም አትስማ። መልህቅ የሚይዘው በኪሎው ሳይሆን በአግድም ተስቦ መሬት ሲቆፍር ነው። ወደ ላይ ከተሳበ ይነቀላል፣ አለቀ። ስለዚህ በመልህቁና በገመዱ መሃል 2 ሜትር ሰንሰለት አስገባበት፤ እጀታውን ወደ ታች ይይዝልሃል። የገመዱን ርዝመት ለማወቅ የውሃው ጥልቀት ላይ የጀልባህን አፍንጫ ከፍታ ደምር፤ ለምሳ ያህል ለመቆም በ5፣ ነፋስ ካለ በ7 አባዛ። 3 ሜትር ውሃ ላይ ከግማሽ ሜትር አፍንጫ ጋር 3.5 ይሆናል፤ በ7 ሲባዛ 24.5። 30 ሜትር ግዛ፣ ዳር ዳሩን ለሚሄድ ሰው በቂ ነው።

ገበያ ስትሄድ ደግሞ ሻጩ ሁሉንም «ናይለን ነው» ይልሃል። ቁራጩን ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ጣለው። ከተንሳፈፈ ተወው። እውነተኛው ናይለን ይሰምጣል፣ ማዕበል ሲመታህም ይለጠጣል። ውፍረቱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ቀጭኑ ቢችልም እጅ ይቆርጣል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አቀማመጡ። አፍንጫው ላይ አታስቀምጠው። ፊቷ የከበደ ትንሽ ጀልባ ማዕበል ውስጥ ትሰካለች። ከዚያ የሚብሰው ግን ጀልባዋ ስትገለበጥ ነው፤ ያልታሰረ መልህቅ ወይ ይሰምጣል፣ ወይ ሰው ይመታል። እኔ የምይዘው በባልዲ ነው፣ ምሰሶው ስር። ባልዲውን ታቹን ብሳ፣ ውሃ እንዳያቁር። የገመዱን ጫፍ ገና ከዳር ሳትነሳ ከምሰሶው ስር እሰረው። ከዚያ ገመዱን ሳትጠቀልል እንዲሁ እያወረድክ ሙላው፤ ሰንሰለቱን ከላይ፣ መልህቁን ከሁሉም በላይ። የባጃጅ ከነመዳሪ ቆርጠህ አፉን ጠፍረው። በአንድ እጅ የሚፈታ፣ ጀልባዋ ተገልብጣም የማይወልቅ መሆን አለበት። ከዳር ሳለህ ባልዲውን ዘቅዝቀህ ሞክረው።

ስትጥል ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙር። ስትቆም ሸራውን አውርድ፤ መልህቁን ሳትወረውር ቀስ ብለህ ልቀቀው። ነፋሱ ወደ ኋላ ሲወስድህ ገመዱን እየሰጠህ ሂድ፤ መጨረሻ ላይ በአፍንጫው በኩል አሳልፈህ ጠበቅ አድርግ። ከኋላ በጭራሽ አትሰር፤ ኋላዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ማዕበሉ ይሞላታል። ከዚያ ዳር ላይ አንድ ዛፍና ከጀርባው ያለ ሌላ ምልክት አስተያይተህ ያዝ። ሁለቱ ከተለያዩ መልህቁ እየተጎተተ ነው፤ ገመድ ጨምር።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር ሲገፋ መሪህ ቢሰበር፣ ደንጊያ ላይ ከመላተም የሚያድንህ ይኸው ባልዲ ነው። መሃል ሐይቅ ላይ ግን ብዙ አትጠብቅ። ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ 30 ሜትር ገመድ እዚያ አይበቃም።

እንቦጭ ተንሳፎ ሲመጣ ካየህ ሳይደርስብህ ነቅለህ ተነሣ። ገመዱ ላይ ከተከመረ መልህቁን ይጎትታል። ጊዜ ካጣህ የገመዱን ጫፍ ባዶ ጄሪካን ላይ እሰርና ልቀቀው፤ ነፋሱ ሲበርድ ተመልሰህ ታነሣዋለህ።

ለመንቀል ገመዱን እየሳብክ ልክ መልህቁ አናት ላይ ሂድና ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ሳብ። ጭቃውን ውሃው ውስጥ እያለ ነቅንቀህ አጥበው። ጀልባ ውስጥ ከገባ መቆሚያህን ሁሉ ያንሸራትታል።