በአዲስ አበባ ዳርቻ ስለሚካሄደው አርፒጂህ፦ ከአሸዋው ሳይሆን ከዝናቡ ጀምር

ወንድሜ፣ ከዓለም ጥፋት በኋላ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚካሄድ አርፒጂ (ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ የሚጫወተው ጌም) እየሠራህ እንደሆነ፣ ነገር ግን የሠራኸው ሰፈር ሁሉ ፎልአውት የተባለው፣ ከኑክሌር ጦርነት በኋላ የሚካሄደው የአሜሪካ ጌም ቅጂ እየመሰለ እንዳስቸገረህ እዚህ ግሩፓችን ላይ ጽፈሃል። እኔም ቱሉ ዲምቱ ተቀምጬ ተመሳሳይ ጌም ስሠራ ስለቆየሁ፣ የሶፍትዌሮቹን፣ የብሌንደሩንና የዩኒቲውን፣ ነገር ትቼ እኔን ያደከመኝ አንተንም እንዳያደክምህ በዝርዝር እመልስልሃለሁ።

1. ቢጫውን አሸዋ አውጣው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ፎልአውት ኒው ቬጋስ ብርቱካንማ የሆነው ታሪኩ በሞሃቪ በረሃ ስለሚካሄድ ነው፤ በረሃ ደግሞ ብረትንም እንጨትንም አድርቆ ለረጅም ጊዜ ያቆያል። እኛ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው የምንኖረው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ሰው ያልጠገነውን ሁሉ ይበላዋል። የጭቃ ቤት ጣሪያው ከተነሳ ምርጉ በክረምት ታጥቦ ይወርዳል፣ ቋሚውና ማገሩ ለጥቂት ጊዜ ይቆማሉ፣ በመጨረሻም የድንጋይ መሠረቱ ብቻ ይቀራል። ቆርቆሮም ሁሉም ቦታ እኩል አይዝግም፤ ዝገቱ የሚጀምረው የዚንክ ሽፋኑ ከተበሳበት ከምስማሩ ቀዳዳና ከተቆረጠው ጠርዝ ነው፣ ከዚያም የውኃውን መንገድ ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ከኢንተርኔት ያወረድከውን አንድ ወጥ ዝገት ጣሪያው ላይ ብታለብሰው፣ ቆርቆሮ ሥር ያደገ ሰው ሁሉ ሐሰት መሆኑን ወዲያው ያውቅብሃል። ባሕር ዛፍን ደግሞ አትርሳ፤ ከተቆረጠበት ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፣ የነጩ ባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠልም ክብ ቢጤና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ግራጫ ሲሆን፣ ሲጎለምስ ረዝሞ ማጭድ ይመስላል። ሰው የለቀቀውን መንደር የሚወርሰው እርሱ ነውና የቀለምህን መሠረት በዚህ ግራጫ፣ በዝገቱ ቀይና በጥቁሩ መረሬ አፈር ላይ ጣል።

2. ሰዎቹ ከጥፋቱ በፊት ምን ይመኙ እንደነበር ወስን። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የመጀመሪያው ፎልአውት መኪናውንም ሮቦቱንም የሣለው የ1950ዎቹ አሜሪካውያን መጪውን ዘመን ባሰቡበት መንገድ ነው፤ ፍርስራሹ ልብ የሚነካውም የዚያ ተስፋ ፍርስራሽ በመሆኑ ነው። የእኛ ተስፋ የሚታየው በግንባታ አጥር ላይ በተሰቀለው ያላለቀ ሕንፃ ሥዕልና በኮንዶሚኒየም ዕጣ ላይ ነው፤ ስለዚህ የእኛ ዓለም የሚጠፋው ገና እየተሠራ ሳለ ነው። ይህም ብርቱ ችግር ያመጣብሃል፤ ያላለቀ ሕንፃና የፈረሰ ሕንፃ በስክሪን ላይ አንድ ስለሚመስሉ ተጫዋቹ የት ገብቶ ዕቃ እንደሚፈልግ ግራ ይገባዋል። እኔ የለየኋቸው በእነዚህ ምልክቶች ነው፦ ያላለቀው ሕንፃ ፌሮው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ኮንክሪቱም ላይ የጣውላው መስመር ታትሞ ይታያል፤ ተኖሮበት የፈረሰው ግን የምድጃ ጥላሸት፣ የተሰነጠቀ ሴራሚክና በረንዳ ላይ የተንጠለጠለ ዲሽ አለው።

ይህን ለማጣራት ፎቶግራፍ ያስፈልገኝ ነበር፤ ጊዜዬ የተበላውም እዚህ ላይ ነው። ካልተጠናቀቁ የሕንፃ ብሎኮች ውጭ ቆሜ ሳነሳ ጥበቃው ስልኬን ተቀብሎ ያነሳሁትን ሁሉ አጠፋና ፈቃድ እንዳመጣ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ላከኝ። እዚያ የነበረው ኃላፊ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «አንተ፣ ለልጆች መጫወቻ ደብዳቤ አንጽፍም፤ ሂድና ሥራ ፈልግ» አለኝ። የእርሱ ባልደረባ የድጋፍ ደብዳቤ ከሌላ ቢሮ እንዳመጣ ነገረችኝ፤ ያኛው ቢሮ ደግሞ መጀመሪያ የእነዚህን ደብዳቤ ጠየቀኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን ስቶከር የተባለ ጌም የሠሩት የኪየቭ ባለሙያዎች የኑክሌር አደጋ የደረሰበት ቼርኖቤል ድረስ ሄደው ፎቶ አንሥተው እንደሠሩትና የዚያ ጌም ዓለም የታመነውም በዚህ እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ የሰማኝ ግን አልነበረም። እስካሁን ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም እኔ እየሠራሁ ያለሁት ሥራ ነው። አንተ ቢሮ ለቢሮ አትንከራተት፤ የግል ቤታቸውን ጀምረው ያቆሙ ሰዎችን በትሕትና አስፈቅድ። እኔን አንዲት የሰፈራችን እናት ግቢያቸውን ከፍተው፣ ቡና አፍልተው፣ እያንዳንዱን ግድግዳ በሜትር ለክቼ በእርሳስ እንድስል ፈቀዱልኝ፤ በጌሜ ውስጥ ያለው ምርጥ ሕንፃ የእርሳቸው ቤት ነው።

ስለ ንግዱና ስለ መሣሪያው ብዙ አትጨነቅ። ብረት የሚሰበስበው ቆራሌው አለልህ፤ አሮጌ በርሜል ወደ ምድጃ የሚለወጥበት የመርካቶው ምናለሽ ተራም አለልህ፤ የተረፈው ዓለም የሚቆመው በእነዚህ እጆች ነውና ለመሣሪያ ንድፍ የባዕድ ጌም አትቅዳ። በፎልአውት ከመሬት ሥር ያለው መጠለያ ነዋሪዎች የሚለብሱት ሰማያዊና ቢጫ ልብስ ከቡናማው ምድር ለይቶ እንደሚያወጣቸው ሁሉ፣ እኔ ቢጫውን ለጀሪካን ብቻ አስቀርቼ ውኃ ካለበት በቀር ሌላ ቦታ እንዳይታይ አደረግሁ። የጎረቤት ልጆች ሲሞክሩት ምንም የአቅጣጫ ቀስት ሳላሳያቸው በቀጥታ ወደ ምንጩ ሄዱ፤ በጌሙ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የምኮራበት ነገር የለኝም።

የጉቶውንና የቆርቆሮውን ቴክስቸር (ሞዴሉ ላይ የሚለበሰውን የገጽታ ምስል) ዛሬ ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ እለቅልሃለሁ፤ ለስልክ ጌም ይበቃል። ለኮምፒውተር የምትሠራ ከሆነ ግን ጥላ እንዳይገባብህ ነሐሴ ላይ ደመና የሸፈነውን ቀን ጠብቀህ፣ ቆርቆሮውም ከዝናቡ እስኪደርቅ ታግሠህ ራስህ አንሳ።