የአሳማ ዋጋ ቢወርድ ስንት እንጎዳለን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሚኒሶታ ውስጥ አንድ የአሳማ እርባታ ሒሳብ እይዛለሁ። ባለቤቱ «ዋጋ ቢወርድ ስንት እንደምንጎዳ በኤክሴል አሳይኝ» አለኝ። በቺካጎ ገበያ የአሳማ ፊውቸርስ (ወደፊት በተወሰነ ወር ለሚደረግ ሽያጭ ዛሬ ዋጋ የሚቆረጥበት ውል) ዋጋ በየቀኑ እመዘግባለሁ። ግን ምን ላድርግበት? (ከዎርዚንግተን)

መልስ፦ እህቴ፣ የቺካጎው ዋጋ ትንሽ ይቆይ። መጀመሪያ አንድ ፓውንድ ሥጋ እናንተን ስንት እንደሚያስወጣችሁ አውጪ። ግልገሉ፣ መድኃኒቱ፣ ደመወዙ፣ የብድሩ ወለድ ሁሉ ይግባ። ትልቁ ወጪ መኖ ስለሆነ በቆሎውና የአኩሪ አተሩ ፋጉሎ የየራሳቸው መስመር ይኑራቸው። የእነሱም ዋጋ ይዋዥቃል።

አይዋ ውስጥ የእርሻ ሒሳብ ስሠራ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክብደት ላይ ነበር። የቺካጎው ውል የሚቆጥረው የታረደውን ሥጋ እንጂ የቁሙን ክብደት አይደለም። በቁሙ 280 ፓውንድ የሚመዝን አሳማ ሲታረድ 210 ገደማ ይሆናል። አንድ ውል 40,000 ፓውንድ ነው፤ ወደ 190 አሳማ ማለት ነው።

ኦክቶበር ላይ 950 አሳማ ትሸጣላችሁ እንበል። 199,500 ፓውንድ፣ ማለትም አምስት ውል ገደማ። በፓውንድ 10 ሳንቲም ቢወርድ ወደ 20,000 ዶላር ሄደ። ባለቤቱ የጠየቀሽ ይህችን መስመር ነው። የ5፣ የ15 እና የ20 ሳንቲሙንም ከሥሯ አስገቢ። ኖቬምበር ለምትሸጡት ግን የዚያ ወር ውል ስለሌለ የዲሴምበሩን ውሰጂ።

ቀጥሎ ቤዚስ ይመጣል፤ ቄራው ከከፈላችሁ ላይ የቺካጎው ሲቀነስ ማለት ነው። ያለፉትን ዓመታት የክፍያ ወረቀቶች አውጥተሽ የየወሩን አማካይ ያዢ። ይህን ቁጥር ማንም አይሰጥሽም፤ ያለው እናንተው ፋይል ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1998 በቁም የሚሸጥ አሳማ 100 ፓውንዱ ከ10 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ብዙ ቤተሰብ ያኔ ከሥራው ወጣ። «ይህን ያህልማ አይወርድም» የሚልሽን አትስሚ። ያ መስመርም ሠንጠረዡ ውስጥ ይግባ።

ባለቤቱ ውል ሸጦ ዋጋውን ልያዝ ካለ፣ የውሉን ትርፍና ኪሳራ ከአሳማው ሽያጭ ጎን መዝግቢ። ለየብቻ ከታየ ያሳስታል። ዋጋ ሲወጣ ውሉ ይከስራል፣ አሳማው ግን በውድ ይሸጣል። ችግሩ ውሉ ሲከስር ብሮከሩ (ውሉን የሚያገበያይላችሁ ደላላ) የኪሳራውን መያዣ ገንዘብ ወዲያው ይፈልገዋል፤ አሳማው ደግሞ ገና ጋጣ ውስጥ ነው። አደራ፣ ለዚህ የሚያስፈልገውን ጥሬ ገንዘብ የሚያሳይ ዓምድ እንዳትረሺ። ይህ ከከበዳችሁ መንግሥት ከፊሉን አረቦን የሚሸፍንለት የእንስሳት ዋጋ ኢንሹራንስ አለ። እሱ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ክፍያ የለውም።

ሠንጠረዡን ለባለቤቱ ስታሳዪ የባንኩም ሰው ቢኖር ጥሩ ነው። ዋጋ ሲወጣ የመያዣውን ገንዘብ የሚያበድራችሁ እሱ ነው።