መልስ፦ ፒሲአር በ2 ሰዓት ካለቀ ውጤቱ ለምን በማግስቱ ይመጣል?

ፒሲአር የባክቴሪያን ዲኤንኤ እያባዛ የሚያገኝ ምርመራ ነው። «በ2 ሰዓት ያልቃል» የሚለው የማሽኑ ሻጭ ወረቀት አልዋሸህም። ማሽኑ እውነትም በ2 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ከማሽኑ በፊት ያለውን ሥራ ግን አልቆጠረልህም።

25 ግራም የዶሮ ሥጋ ውስጥ ያለው ሳልሞኔላ (በምግብ የሚተላለፍ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ) ጥቂት ሕዋስ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፒሲአር የሚያየው ደግሞ ጠብታ የማትሞላ ፈሳሽ ነው። እዚያች ጠብታ ውስጥ ካልገባ የለም ይልሃል። ስለዚህ ሥጋው ከ225 ሚሊ ሊትር ፔፕቶን ውሃ (ባክቴሪያ የሚመገበው ፈሳሽ) ጋር ከረጢት ውስጥ ይገባና በ37 ዲግሪ ያድራል። ጠዋት ከረጢቱ ደፍርሶ ታገኘዋለህ። ባክቴሪያ ተራብቷል ማለት ነው፤ ሳልሞኔላ መኖሩን የሚለየው ምርመራ የሚጀመረው ያኔ ነው።

ቢሆንም የፒሲአር ትርፉ ብዙ ነው። በተለመደው የማሳደግ ዘዴ ሳህን ላይ መሃላቸው የጠቆረ የባክቴሪያ ነጠብጣቦችን አይተው እስኪያረጋግጡ ድረስ እስከ 5 ቀን ይሄዳል።

እንደ እርግዝና መመርመሪያ መስመር የምታወጣው ስትሪፕ ርካሽና ቀላል ናት። ግን ብዙ ባክቴሪያ ስለምትፈልግ ማሳደሩ አይቀርልህም። በቀን ጥቂት ናሙና ብቻ ካለህ እኔ እንደ ፒሲአር ዲኤንኤ የሚያባዛውን፣ ላምፕ የሚባለውን ዘዴ እመርጣለሁ፤ በ65 ዲግሪ አካባቢ ባለ አንድ ሙቀት ስለሚሠራ ውድ ማሽን አይጠይቅም።

ፒሲአር «አለ» ካለህ በማሳደግ አረጋግጥ፤ የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤም ያሳየዋል። ካምፓይሎባክተር የሚባለውን ሌላ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ግን በዚሁ ከረጢት አትሞክረው፤ ኦክስጅን ሲበዛበት አያድግም።