ትምህርት ቤት ክትባቱ ላመለጣት ልጅ

እህቴ፣ የ13 ዓመት ልጅሽ ትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር ክትባት በተሰጠበት ቀን ታማ ቀረች ብለሽ ጠይቀሽ አይቼ ነው። የእኔዋም እንደዛው ነበረች። ስሚኝ።

1. የግል ክሊኒክ ሄደሽ ብር አታውጪ። መንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

2. ካርድ ክፍል አትሰለፊ! ቀጥታ ሕፃናት የሚከተቡበት ክፍል ሂጂ። እኔ ከሥራ አስፈቅጄ፣ ልጄን ከክፍል አስወጥቼ ተሰለፍኩ። ወረፋዬ ሲደርስ ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «እሱ በትምህርት ቤት ነው፣ ዘመቻ ሲኖር ነይ» አለችኝ። ዘመቻው አለፈ እኮ ስላት «ታዲያ እኔ ምን ላድርግሽ» ብላ ቀጣዩን ጠራች። ልጄ ፊት! ስንቷን እናት እንዲህ መልሳ ይሆን? እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም። ኮሪደር ላይ አንዷን ሲስተር አስቁሜ ጠየቅኩ። ለካ ክትባት ክፍሉ ከጀርባ ነው። ዕድሜዋን ጠየቁኝ፣ መዘገቡ፣ ወጓት፣ አለቀ። ስወጣ ካርድ ክፍሏ ጋ ጎራ ብዬ «ተከትባለች፣ ሌላ ሰው እንዳትመልሺ» አልኳት። መልስ አልነበራትም።

ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ 15 ሳይሞላት ቶሎ በይ። ደግሞ «ሁለተኛው የታለ» የሚሉሽ አይጠፉም። በ2011 ዓ.ም ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጆች ብቻ ነበር፣ በ6 ወር ልዩነት ሁለቴ። አሁን አንዴ ይበቃል።

መካን ያደርጋል ወይ ላልሽው፣ አያደርግም። አማቴም ይህንኑ ይዘው አላስተኙኝም ነበር። ሲስተሯን ስጠይቃት ክትባቱ ውስጥ ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ ራሱ የለም፣ የውጭ ሽፋኑን የሚመስል ፕሮቲን ብቻ ነው አለችኝ። ከማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን የሚያመጡት 16 እና 18 የሚባሉት የቫይረሱ ዓይነቶች ናቸው፤ ክትባቱም እነሱን ይከላከላል። በልጅነት የሚሰጠው ቫይረሱ ሳይቀድም ነው። ለአማቴ ይህን ብነግራቸው «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ። ከእሳቸው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በባዶ ሆዷ አትውሰጃት። ከተወጋች በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ቁጭ ትበል፣ አንዳንዷ ያዞራታል። የእኔዋ ክንዷን አመማት እንጂ ሌላ የለም። አንዳንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ቀን ስላለው ቀድመሽ ጠይቂ።

ከሄድሽ አይቀር አንቺም 30 ካለፈሽ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ አድርጊ። ለእሱ ግን ካርድ ክፍሏ አትቀርልሽም፣ በርቺ።